አንድ ፓስታ ለሕፃኑም ለቤተሰቡም፦ የልጁ ድርሻ ጨው ሳይገባ ይወጣል

ትንሹ ልጄ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ የጀመረ ሰሞን ቤታችን ሁለት ወጥ ቤት የተከፈተበት ይመስል ነበር። አንደኛው የእሱ፣ ሌላው የእኛ። ጠዋት የእሱ አጥሚት፣ ቀን የእሱ ድንችና ካሮት፣ ማታ የእኛ እራት። ከሥራ ወጥቼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከባጃጅ ስወርድ የማስበው ስለ ምግቡ አልነበረም። ስንት ድስት እንደማጥብ ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ መኮሮኒ ነው። አንድ ማታ ለትልቋ ልጄ ሳወጣላት ትንሹ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። እጁን ሰደደና አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተታት። ያኔ ስምንት ወሩ ነው፤ ያለችው ከታች ብቅ ያለች አንዲት ጥርስ ናት። በድዱ ደፈጠጣት፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ዋጣት። ከዚያ እጁን እንደገና ሰደደ። ድስቱ ውስጥ ግን ጨውም ቃሪያም ገብቷል። ሳህኑን አራቅሁበት። ቤቱን በጩኸት ሞላው፤ አልፈረድኩበትም።

በማግሥቱ ሳስበው ችግሩ ፓስታው አይደለም፣ ተራው ነው። ምን ቀድሞ ይገባል? የልጁ ድርሻ መቼ ይወጣል? ጨውና ቃሪያው መቼ ይከተላል? ይህን ካስተካከልን አንድ ማዕድ ለሁላችንም ይበቃል። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ እንዲህ እሠራለሁ። ከመክተፍ እስከ ማቅረብ አንድ ሰዓት ግድም ይፈጃል። ትልቋ እያገዘችኝ ከሆነ ከዚያም በላይ።

መጀመሪያ ልጁ ደርሷል ወይ?

ይህ ምግብ ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ አይደለም። እስከዚያ የጡት ወተት ብቻውን ይበቃል። ስድስት ወር ሲሞላ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፤ ጡቱ ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ወሩ ብቻም አይበቃም። ልጁ አንገቱን አጽንቶ መያዝ፣ ደገፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ማንኪያ ሲቀርብለት በምላሱ ገፍቶ የሚያስወጣ ከሆነ ጥቂት ቀን ታገሱት።

ፓስታ ስንዴ ነው። ስንዴ የማይስማማቸው ልጆች አሉ። እንቁላልም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትስጡ። እኔ ስንዴውን ብቻውን ጀምሬ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ ከዚያ እንቁላሉን። ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው አቁሙና ሐኪም አሳዩት። ትንፋሽ ካጠረው ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ጨው። አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የትንሹን ሳህን ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። ሳቅን። ግን ምክንያት አለው። የሕፃን ኩላሊት ብዙ ጨው ማስወገድ ገና አልለመደም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ የቀኑ ጨው በሙሉ ከ1 ግራም በታች እንዲሆን ይመከራል። 1 ግራም ማለት የሻይ ማንኪያ አንድ ስድስተኛ ነው። ከዳቦውም ከሌላውም የሚያገኘው ሲደመር ድስት ላይ የምንነሰንሰው ቦታ የለውም። ደግሞ የማያውቀውን አይናፍቅም። አልጫ የሚሆነው ለእኛ እንጂ ለእሱ አይደለም።

ማጣፈጫ ኩቡም ያው ጨው ነው። ስኳርም አይግባ። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ የመመረዝ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ ትንሽም ብትሆን።

ከገበያ የምናመጣው

ልኩ ለሁለት አዋቂ፣ ለአንዲት የአምስት ዓመት ልጅና ለሕፃኑ ነው። ለነገ ምሳ ዕቃም ይተርፋል።

መኮሮኒ 400 ግራም። ፓስታም ይሆናል፣ ግን ለትንሽ እጅ መኮሮኒ ይሻላል፤ ይያዛል። ክክ ምስር ግማሽ የሻይ ብርጭቆ። ቀይ ሽንኩርት ሁለት መካከለኛ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ፍንካች፣ ካሮት ሁለት፣ ዝኩኒ አንድ፣ በደንብ የበሰለ ቲማቲም ግማሽ ኪሎ፣ ቆስጣ አራት አምስት ቅጠል። ዘይት ሦስት የሾርባ ማንኪያ። በሶብላ ካለ አንድ ቅንጣቢ። ለሕፃኑ ለጋ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም አቮካዶ፤ ከሦስቱ አንዱ። ለአዋቂው ደግሞ ሳልሳ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቃሪያ።

ሳልሳ፣ ዝኩኒ፣ መኮሮኒ፣ ስጎ። ስማቸውን ስንጠራ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ምስሩና በሶብላው ግን የእኛ ናቸው፤ በዚህ ምግብ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራውም ምስሩ ነው።

ለምን ምስር? ልጅ ከእናቱ ሆድ ይዞት የሚወጣው የብረት ማዕድን ስድስት ወር አካባቢ እያለቀ ይመጣል። የጡት ወተት ውስጥ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምግብ ሲጀምር ብረት ያለው ነገር ሳህኑ ላይ ቢኖር ጥሩ ነው። ፓስታና ካሮት ብቻ ቢሆን ሆድ ይሞላል እንጂ ይህን አይሸፍንም። ምስር ብረት አለው። ቲማቲሙ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ያግዛል። የተፈጨ ሥጋ ካላችሁ ከምስርም ይበልጣል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከሽንኩርቱ ጋር ይጠበስ። ሻይ ግን ለልጁ አትስጡ። አንዳንድ ቤት ዳቦ በሻይ ነክሮ ማብላት ልማድ ነው፤ ሻይ የብረቱን ጥቅም ይቀንሰዋል።

ስለ ቲማቲም አንድ ነገር። ክረምት ሲገባ ዋጋው ሲሰቀል ግማሹን በዱባ እተካለሁ። ዱባው ፈርሶ ወፈር ያለ ስጎ ይሆናል፣ ጣፋጭ ስለሆነም ልጆች ይወዱታል። ገበያ ላይ ለስጎ የምመርጠው ሻጮቹ ለብቻ የሚያስቀምጡትን፣ ቀልቶ ለስለስ ያለውን ነው። ለሰላጣ አይሆንም፣ ስለዚህ ይረክሳል። የፈነዳውን ወይም ሻጋታ የነካውን ግን አይደለም።

መፈቅፈቅ እንጂ መክተፍ አይደለም

መጀመሪያ እጅ በሳሙና። ከዚያ ምስሩን ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱና ልቀሙ። አንዲት ጠጠር ለሕፃን ድድ ቀልድ አይደለችም። ታጥቦ ውሃው ጠራ እስኪል ሦስት አራት ጊዜ ይቀየርለት።

ካሮቱን ልጣጩን አንሱና በመፈቅፈቂያው በቀጭኑ በኩል ፈቅፍቁት። ዝኩኒውንም እንዲሁ፤ ለጋ ከሆነ መላጥ አያስፈልገውም። በዚህ ሁለት ነገር እናተርፋለን። አንደኛ ቶሎ ይበስላል። ሁለተኛ ልጁን የሚያንቅ ድርቅ ያለ ካሮት ድስቱ ውስጥ አይገኝም። ሦስተኛም አለ፤ ትልቋ ልጄ ዝኩኒ አልበላም ካለች ሁለት ዓመት ሆናት። እዚህ ውስጥ እንዳለ እስካሁን አላወቀችም።

ቲማቲሙን ለሁለት ሰንጥቁና የተቆረጠውን ፊት መፈቅፈቂያው ላይ አድርጋችሁ ሙልጭ አድርጉት። ሥጋው ከሥር ይወርዳል፣ ቆዳው መዳፋችሁ ላይ እንደ ቀይ ወረቀት ይቀራል። መቀቀልና መላጥ የሚባል ጣጣ የለም። የቲማቲም ቆዳ ቢበስልም አይሟሽሽም። የሕፃን ላንቃ ላይ ተለጥፎ ሲያስጨንቀው አይቻለሁ፤ ያን ቀን ነው ይህን ዘዴ የያዝኩት።

ሽንኩርቱን የምትችሉትን ያህል አድቅቁት። ከቆስጣው ነጩን ግንድ አውጡና ቅጠሉን ብቻ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ።

ስጎው

ዘይቱን በመካከለኛ እሳት አሙቁና ሽንኩርቱን ጨምሩ። እዚህ ላይ እጃችን ለወጥ የለመደውን ያደርጋል፤ እንደ ቁሌት ለረጅም ሰዓት ማቁላላት ይጀምራል። አያስፈልግም። ሽንኩርቱ ከለሰለሰና መልኩ ከሳሳ፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ፣ ይበቃዋል። መያዝ ከጀመረ በዘይት ፋንታ ጠብታ ውሃ ስጡት። ነጭ ሽንኩርቱ ይከተል፣ ሽታው እስኪወጣ። ከዚያ ካሮቱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ አማስሉት፤ ዘይቱ ብርቱካናማ ይሆናል።

አሁን ምስሩን ጨምሩና ሦስት የሻይ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አፍሱበት። ቲማቲሙ ገና ነው! በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስሳሳት ኖሬያለሁ። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው። ምስሩ ሳይበስል ቀድሞ ከገባ ምስሩ ይግደረደራል፣ አርባ ደቂቃም ቆይቶ መሐሉ ድርቅ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ምስሩ ብቻውን ከካሮቱ ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ማንኪያ ላይ አውጥታችሁ በጣት ስትጫኑት ከፈረሰ ደርሷል።

ከዚያ ቲማቲሙና ዝኩኒው አብረው ይግቡ። አሥር ደቂቃ። በመጨረሻ ቆስጣውና በሶብላው፣ ሦስት ደቂቃ። ስጎው ከማማሰያው ላይ በዝግታ የሚወርድ፣ ወፈር ያለ መሆን አለበት። ከቀጠነ ክዳኑን አንሱለት። ጨው? ገና።

መኮሮኒው፣ የእኛ ከተማ ውሃና የፓኬቱ ደቂቃ

ምስሩን ስጎው ውስጥ በጨመራችሁበት ሰዓት በሌላው ምድጃ ላይ ሦስት አራት ሊትር ውሃ ጣዱ። ያለችው አንድ ምድጃ ከሆነች ስጎውን ጨርሳችሁ ድስቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከዚያ ውሃውን ጣዱ።

በነገራችን ላይ የምንኖረው ሐዋሳ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸው እሱ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ ይጠናል። ለልጅ ምግብ የቧንቧ ውሃ ካለ እሱን አስቀድሙ።

ውሃው በደንብ ሲፍለቀለቅ መኮሮኒውን ጨምሩና ወዲያው አማስሉ፣ እንዳይያያዝ። ዘይት አያስፈልገውም። ፓኬቱ ላይ ስምንት ደቂቃ ይላል እንበል። አትመኑት። ያ ደቂቃ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደንብ ሲፍለቀለቅ ብታዩትም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ የእኔ መኮሮኒ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ድሮ «ይሄ ፓስታ ጥሩ አይደለም፣ አይበስልም» እያልኩ ባለሱቁን የወቀስኩበት ጊዜ ነበር።

የመለያያዋ ደቂቃ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ዘጠነኛው አሥረኛው ደቂቃ ላይ ስጎው ደርሷል፣ መኮሮኒው ሊደርስ ነው፣ ሁለቱም ድስት ውስጥ ጠብታ ጨው የለም። ትንሿን ድስት አውጡ።

ከትልቁ ድስት ሁለት ጭልፋ መኮሮኒ ከነውሃው ወደ ትንሿ ድስት ይሂድ። ከስጎውም ሁለት ሦስት ጭልፋ፣ ምስሩ ከሥር ስለሚተኛ ከሥር አንስታችሁ። ይህ የልጁ ነው። ወደ ትንሽ እሳት ይዛወር።

አሁን፣ አሁን ብቻ፣ ጨው። መኮሮኒው የቀረበት ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ የቀሩትን ሁለት ደቂቃዎች አብሮ ይፍላ። የቀረው ስጎ ውስጥ ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሳልሳው፣ ቁንዶ በርበሬው። ሳልሳው ጥሬ ጥሬ እንዳይል አምስት ደቂቃ ይንተክተክ።

እጅ ግን ልማዱን አይረሳም። አንድ ቀን ስልክ እያወራሁ ውሃው ገና ሲፈላ ጨዉን ነስንሼው ቁጭ። ማጠብ ይቻላል ብዬ ነበር፤ ግን መኮሮኒ ጨዋማ ውሃ ይጠጣል፣ ከላይ ብታጥቡት ከውስጡ አይወጣም። ለልጁ ከፓኬቱ ቀሪ አንድ እፍኝ በሌላ ውሃ ቀቀልኩለት። ከዚያ በኋላ የጨው ዕቃውን ከምድጃው አጠገብ አንስቼ ከፍተኛው መደርደሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለማውረድ ስንጠራራ ትንሿ ድስት ትዝ ትለኛለች።

ወደ ልጁ ድስት እንመለስ። አምስት ስድስት ደቂቃ ተጨማሪ ይበስል። እኛ ፓስታውን ጠንከር ያለ ልንወደው እንችላለን፤ ለእሱ ግን መሟሸሽ አለበት። መለኪያዬ ይህች ናት፦ አንዷን መኮሮኒ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አድርጌ ቀስ ብዬ እጫናለሁ። ጣቶቼ ያለ ትግል ከተገናኙ ድዱም ይችለዋል። ካልተገናኙ ትንሽ ውሃ ጨምሬ እመልሳለሁ።

ከእሳት ልትወርድ ስትል አንድ የሚያበረታ ነገር ይግባ። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ጥቂት ምግብ ብዙ ጉልበት መስጠት አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ጥሩ ነው። ወይም አንድ እንቁላል መትታችሁ አፍሱና እያማሰላችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ አብስሉት፤ አስኳሉ ለስለስ ያለ እንቁላል ለሕፃን አይሆንም። አቮካዶ ከሆነ ከወረደ በኋላ፣ ሞቅ ሲል ይፈጭበት። ሲዳማ አቮካዶ አይቸግረንምና እኔ ብዙ ጊዜ እሱን እይዛለሁ።

እንደ ወሩ

ስድስት ወር ላይ፦ በሹካ ድቅቅ አድርጋችሁ ፍጩት፣ ቢያስፈልግ በወንፊት አሳልፉት። ለማቅጠን ውሃ ሳይሆን የታለበ የጡት ወተት። ግን አታቅጥኑት። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት የሚፈስ ከሆነ ሾርባ ሆኗል፤ ሆድ ሞልቶ አይጠቅምም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል።

ሰባትና ስምንት ወር ላይ፦ በሹካ ብቻ። እብጥ እብጥ ያለ ነገር ይኑርበት። ብሌንደር ለምዶ ዓመት የደፈነ ልጅ ምግብ ማላመጥ ሲያስቸግረው አይቻለሁ። በዚህ ዕድሜ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበላል፣ ልኩም ቀስ እያለ ወደ ግማሽ ኩባያ ያድጋል። ኩባያ የምለው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

ከዘጠኝ ወር ጀምሮ መኮሮኒውን ለሁለት ለሦስት ቆርጣችሁ ፊቱ አስቀምጡለት፤ በጣቱ ያንሳ። ስጎውን በማንኪያ ስጡት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ዓመት ሲሞላው ቃሪያው ሳይገባ ከእኛው ድስት፣ ጨውም ቀለል ብሎ፤ ከኩባያው ሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ።

ማብላት

ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ሰው አጠገቡ ይሁን። ተኝቶ ወይም ባጃጅ ውስጥ እየተንገጫገጨ አይበላም። እናቶቻችን መጋት የሚሉት ነገር፣ አፍንጫ ይዞ በእፍኝ ማፍሰስ፣ ይቅር። ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ልጁም ምግብ ሲያይ መሸሽ ይለምዳል። ፊቱን ካዞረ በቃኝ ማለቱ ነው። አዲስ ምግብ አንዴ ተፋ ማለት ጠላ ማለት አይደለም። የእኔው ቆስጣውን ሰባተኛው ቀን ላይ ነው የተቀበለው። እስከ አሥር ጊዜም ሞክሩ፣ ያለ ጭቅጭቅ።

ትን ሲለው አትደንግጡ። ትንታ ድምፅ አለው፤ ያስላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱ ይመልሰዋል። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ድምፅ ካጣ፣ ማልቀስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ታንቋል። ያን ጊዜ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መልመድ እንጂ ማንበብ አይበቃም። ለዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷን ጠይቋት፤ በእጇ ታሳያችሁ። እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት።

የእኛ ሳህን

መኮሮኒውን ስታጠልሉ አንድ ጭልፋ ውሃ አስቀሩ። መኮሮኒውን ስጎው ውስጥ ገልብጡና ውሃውን ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አገላብጡ። የውሃው ስታርች ስጎውን ከመኮሮኒው ጋር ያያይዘዋል፤ ሳህን ሥር ተለይቶ አይቀርም። ቃሪያውን ለትልቋ ካወጣችሁ በኋላ ጨምሩ።

ዘይትና አትክልት ብቻ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰውም ይሆናል። ቅቤውና እንቁላሉ ትንሿ ድስት ውስጥ ብቻ ነው የገቡት። ባለቤቴ ደግሞ ፓስታውን በእንጀራ ነው የሚበላው። ሹካ ሰጥቼው አይቼዋለሁ። ሹካውን አክብሮ ጎኑ ያስቀምጥና እንጀራውን ይጠቀልላል። እኔም አንዳንዴ እሰርቀዋለሁ፤ ይጣፍጣል።

ዓሣ ያማራችሁ ቀን ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትኩስ ቆሮሶ ፊሌቶ አምጡና ከቲማቲሙ በኋላ ስጎው ውስጥ አሥር ደቂቃ አብስሉት። እዚያ በሚጥሚጣ ጥሬውን የሚበላ ብዙ ነው፤ ለልጅ ግን ነጭ ሆኖ እስኪፈራርስ። ፊሌቶ አጥንት የለውም ይባላል። አለው። የልጁን ድርሻ በጣታችሁ አንድ በአንድ ፈትጋችሁ ፈትሹ። በማንኪያ ሳይሆን በጣት።

መብራት ሲጠፋና ሲተርፍ

በኤሌክትሪክ ስቶቭ የምንሠራ ሰዎች መኮሮኒው ስድስተኛ ደቂቃ ላይ እያለ መብራት እልም ሊልብን ይችላል። ድስቱን ከድናችሁ አትክፈቱት። የፈላው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ማብሰሉን ይቀጥላል፤ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። የልጁን ግን ከሰል ላይ ጨርሱት። ከሰሉ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል።

ልጁ በማንኪያ የነካው ሳህን አይቀመጥም፤ ምራቁ ስለገባበት ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አውጡለት። ያልተነካው እንደ በረደ ፍሪጅ ይግባ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይደር። ከተሠራ ከአንድ ቀን በላይ ለልጁ አልሰጥም። ሳሞቅም ለብ አድርጌ አይደለም፤ እስኪፍለቀለቅ አሙቄ፣ አብርጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቆስጣ የገባበትን ግን ለነገም አላሳድርለትም። ማስቀመጥ ከፈለግሁ ቆስጣው ከመግባቱ በፊት ጨው የሌለውን ስጎ አውጥቼ በበረዶ መሥሪያው ቀፎ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ። ሁለት ኩብ ለአንድ እራት ይበቃል። መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ የቀለጠውን ግን መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።

ልብሱስ? ካሮትና ቲማቲም በዘይት ተጋግዘው የነካኩት ጨርቅ ከደረቀ አይለቅም። አንገቱ ላይ የማስርለትን ፎጣ እንደበላ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ በሳሙና አሽቼ፣ ጠዋት እርጥቡን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ብርቱካናማው እድፍ እስከ ስድስት ሰዓት ሲገረጣ ይታያል። ነጩን ፎጣ ነው የማወራው፤ ባለ ቀለሙን ጥላ ላይ አድርጉት።